ጥቁሩን ቢራ ማን ይቅመሰው?

እየጠጡ የሚያስተምሩ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ አንድ አለብኝ። ወዳጄ ግርማ እዚህ ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ካለው የአየርላንድ ቢራ ቤት ሲገባ ቤተ መቅደስ የገባ ይመስል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጥቁሩ ቢራ ተቀድቶ አረፋው እስኪሰክን መቀመጥ ክልክል ነው፤ ቆመን እንጠብቃለን።

ባለፈው እሑድ፣ በጠላ ጠመቃ የታወቁትን አክስቱን እትዬ ዘነበችን ይዟቸው መጣ።

«ይቅመሱት፤ የተቆላ ገብስ፣ የቡና ቃና፣ ጉሮሮ ላይ ደረቅ ብሎ የሚቀር!»

እትዬ ብርጭቆውን አልነኩም። «የቀዳው ሰው ሳይቀምስ ነው እንዴ የሚሰጠው?»

ግርማ እያፈረ ለአሳላፊው ተረጎመለት። ጣሊያናዊው ተጎነጨና ፊቱን አጨማደደ። «አሎራ... እንግዲህ፣ እኔ እንኳ ወይን ነው የምጠጣው» አለ።

ይኼኔ እትዬ ራሳቸው ቀመሱት። «አሻሮው አርሯል! ጠማቂዋን ጥሩልኝ!»

ጠማቂዋ አየርላንድ ናት ብለን በስንት ልመና አስወጣናቸው።

በማግሥቱ ቤታቸው ጠሩን። እንደ ደንቡ ቀምሰው ጠላ ሰጡን። ግርማ ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመና «ወይ ጉድ! ቁርጥ የአየርላንዱን!» አለ።

እትዬ ጣሳውን ነጠቁት። «እንግዲያው አረፋው እስኪመጣ ቆመህ ጠብቅ።»

ጠላ አረፋ የለውም። ግርማ ግን፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ቆሟል።