የሊቀ ማመልከቻ ደግሰው አባሪ

በየከተማው አንድ ማመልከቻ የማይሰለቸው ሰው አለ። እናንተም ጋ አለ፤ አውቃለሁ። ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አይጠፋም። ማኅተም ያላረፈበትን ወረቀት ወረቀት አይለውም። እንዴት አደርክ ስትሉት ጤናውን ትቶ ደብዳቤው የትኛው ቢሮ እንደደረሰ ይነግራችኋል። ይህ ሰው ሞት ቢመጣበት እንኳ በግልባጭ ሳያሳውቅ አይሄድም።

የእኛ የላሊበላው ግን ከሁሉም ይበልጣል።

እኔ ባንቺዓለም እባላለሁ። ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት እተይባለሁ። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። የሰው ጽሑፍ እንጂ የራሴን ጽፌ አላውቅም፤ ስህተት ካለው ይቅርታ። ግን የጋሼ ደግሰውን ማመልከቻ አራት ዓመት ሙሉ የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ስለሳቸው መጻፍ የሚገባው ሰው ከተፈለገ ከእኔ ሌላ አይገኝም።

ጋሼ ደግሰው የግብርና ሠራተኛ ናቸው። ሥራቸው የሰብል በሽታ ማየት ነው። በልጅነታቸው ገነተ ማርያም የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ቅኔውን ጀምረው ሳይጨርሱ አስኳላ ገቡ። ቅኔው ቢቀርም አነጋገሩ አልለቀቃቸውም። ስለዚህ እኔና መምህር ሂሻም፣ የሁለተኛ ደረጃው የባዮሎጂ አስተማሪ፣ በሌሉበት "ሊቀ ማመልከቻ" ብለን ሾምናቸው። ሹመቱን ሳይሰሙ አይቀሩም። አለመቃወማቸውን ያወቅነው በጽሑፍ ስላላመለከቱ ነው።

አንድ አባባል አላቸው፦ "መልሱ መንገድ ላይ ነው።" የመጀመሪያውን ማመልከቻ የጻፉ ጊዜም እንዲህ አሉ፣ አሥራ ሰባተኛውንም እንዲህ አሉ። የእኛ መንገድ ደግሞ ይታወቃል፤ ሳምንት ይከፈትና ወር ይዘጋል። ኔትወርኩም እንደዚያው ነው። እኔ ፋይሉን ፍላሽ ላይ አድርጌ ወልዲያ ለሚወርድ ሾፌር እሰጣለሁ። ሾፌሩ ይደርስ እንደሆነም አናውቅም፤ እሳቸው ግን መልሱን ጭምር መንገድ አስገብተውታል።

የሚለምኑት ነገር አንድ ማይክሮስኮፕ ነው። ቢሯቸው አንድ ነበረው፣ በጦርነቱ ጊዜ ጠፋ። ማን እንደወሰደው አልታወቀም። ከወራት በኋላ ሣጥኑ ብቻ አንድ ግቢ ውስጥ ተገኘ፤ ዶሮ ታቅፋበት ነበር። ጋሼ ደግሰው ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ጠብቀው ሣጥኑን ወሰዱ። "ለማመልከቻው ማስረጃ ይሆናል" አሉ።

ለምን እንዲህ እንደሚጨነቁ የገባኝ በትሁን ምክንያት ነው።

ትሁን በገነተ ማርያም በኩል የምታርስ የእኔ እኩያ ናት። ባሏ በጦርነቱ ሄዶ አልተመለሰም፤ ሁለት ልጆች አሏት። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ገብሷን አረማሞ ጨረሰው። አረማሞ ማለት ገብሱ ራስ ሲያወጣ በፍሬው ፈንታ ጥቁር ጥላሸት የሚይዝበት በሽታ ነው። ክፋቱ ዘሩ ላይ አይታይም። ፍሬውን እጃችሁ ላይ ብታዩት ነጭ ነው፣ ሙሉ ነው፤ በሽታው ቡቃያው በሚወጣበት እምብርቱ ውስጥ ተኝቷል። ከመዘራቱ በፊት ማወቅ የሚቻለው ፍሬውን አፍልቶ፣ እምብርቱን አውጥቶ፣ በማይክሮስኮፕ በማየት ብቻ ነው።

አምና የትሁን ዘር ሩቅ ከተማ ላለ ላቦራቶሪ ተላከ። መልሱ መጣ፤ "ይህ ዘር መዘራት የለበትም" ይላል። የመጣው ጥቅምት ላይ ነው። ማሳው ከጠቆረ ወር አልፎታል።

ዘንድሮ ወንድሟ ከፍላቂት አንድ ጆንያ ገብስ ሰጣት። ሌላ የሚሰጣት የለም። ዘር የሚታሽበት መድኃኒትም በመንገዱ ምክንያት አልገባም። ንጹሕ ከሆነ ይዘራል። ከታመመ ተቆልቶ ልጆቹ ክረምቱን ይሻገሩበታል። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ በእኔ በር ብቅ እያለች ያችኑ ትጠይቃለች።

"ታዲያ ልዝራው ወይስ ልቁላው?"

"ትንሽ ታገሽ" ይሏታል ጋሼ ደግሰው። "መልሱ መንገድ ላይ ነው።"

ኅዳር ላይ አንድ ዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ አወጣ። ለምርምር መሣሪያ ድጋፍ እሰጣለሁ፣ ነገር ግን መሣሪያውን ሦስት ተቋማት በጋራ የሚጠቀሙበት ከሆነ ነው ይላል። ሊቀ ማመልከቻ በሁለት ቀን ሦስት አደረጉት። አንዱ የሳቸው ቢሮ ነው። ሁለተኛው የመምህር ሂሻም ትምህርት ቤት ነው፤ ተማሪዎቹ ሴል የሚባለውን የሚያውቁት በጠመኔ ሲሳል ብቻ ነው። ሦስተኛው የነአኩቶ ለአብ ገዳም ነው። እዚያ ያሉት አባ ገብረ ሊባኖስ የብራና መጻሕፍቱን የሚበላው ሻጋታ ምን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ሁሉም ነገር አማረ። ቅጹ ላይ ግን ሦስት የፊርማ መስመር አለ፣ ከላይ ያለው "ዋና አመልካች" ይላል።

"እኔ ከአባ በላይ ልቀመጥ?" አሉ ጋሼ ደግሰው።

ወንበር አይደለም፣ መስመር ነው ብዬ ለመንኳቸው። አልሰሙኝም። አባን ከላይ አደረጉ፣ መምህር ሂሻም እንግዳ ነው ብለው መሐል፣ ራሳቸውን ታች። ስለዚህ ማይክሮስኮፕ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ የሰባ ስምንት ዓመት መነኩሴ ዋና ተመራማሪ ሆኑ። ጥር ላይ መልስ መጣ፤ ዋናው ተመራማሪ በዘርፉ ያላቸውን የትምህርት ማስረጃ ያያይዙ ይላል። አባም ሳያቅማሙ የቤተ ክህነት የአቋቋም ዜማ ምስክር ወረቀታቸውን ሰጡን። ጋሼ ደግሰው አያይዘው ላኩት።

የካቲት ላይ ተመለሰ። አመልካቹ ባለሙያ ይሁን፣ ስለሥራ ውጤቱም በዝርዝር ይግለጽ ተባለ። ጋሼ ደግሰው በግድ ከላይ ተቀመጡ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ማጻፍ ጀመሩ።

"እኔ ኃጢአተኛውና ደካማው ደግሰው፣ ከባልደረቦቼ ሁሉ የማንስ፣ ምንም የማላውቅ፣ ይህ ነው የሚባል ሥራ ያልሠራሁ..."

እጄ ቆመ። "ጋሼ፣ ይህን እኮ ያነቡታል" አልኳቸው።

"ያንብቡት።"

"ምንም አልሠራሁም ካሉ መሣሪያውን ለምን ይሰጡዎታል?"

"ሠራሁ ካልኩማ፣ ሳይኖርህ ከሠራህ ምን ያደርግልሃል ይሉኛል።"

በድሮው ብራና መጨረሻ ላይ የጻፈው ሰው ስለራሱ እንዲህ እንደሚል ነገሩኝ። ይህን ሁሉ መጽሐፍ በእጁ ጽፎ፣ ዓይኑን አፍስሶ፣ ሲጨርስ ደካማው እገሌ ይላል። ራሱን የሚያወድስ ጸሐፊ አላጋጠማቸውም። እኔም ተየብኩት። መጋቢት ላይ መልሱ መጣ፦ "አመልካቹ በራሳቸው ቃል እንደገለጹት አስፈላጊው ብቃት የላቸውም።"

አነበቡት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "እውነታቸውን ነው" አሉ።

የመጨረሻው ዙር ሚያዝያ ላይ ይዘጋ ነበር። ከመዘጋቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ትሁን ስትመጣ ትንሹ ልጇን አዝላ ነበር፤ ጆንያውን ለመፍታት እጇ እየተነሳ እየመለሰችው መሆኑን ነገረችኝ። እሷ ከሄደች በኋላ ያለ ፈቃድ አንድ ነገር አደረግሁ። ስለ አመልካቹ የሚለውን አጥፍቼ ራሴ ጻፍኩት።

የጻፍኩት የማውቀውን ብቻ ነው። እኒህ ሰው ዘጠኝ ዓመት የየማሳውን አረማሞ በደብተር መዝግበዋል፤ የማን ማሳ፣ ስንት ራስ፣ ዘሩ ከየት እንደመጣ። ጦርነቱ ሲመጣ ሰው ልብሱን ሲቀብር እሳቸው ደብተሮቹን በላስቲክ ጠቅልለው ቀበሩ፣ ልብሳቸው ተወሰደ። ማይክሮስኮፑ ከጠፋ በኋላ በእጅ በሚያዝ ማጉያ መነጽር ይሠራሉ፤ በሱ የማይታየውን አይቻለሁ ብለው አያውቁም። በክረምት ጭቃ ገነተ ማርያም ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ። ማንም አልላካቸውም።

አትሜ ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት። ከዚያ ተቀመጡና ደግመው አነበቡት።

"ባንች፣ ይህ ሰው ማነው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"አይደለሁም" አሉ። "ይህን ሰው ባገኘው እኔም ድጋፍ እሰጠው ነበር።"

አልፈርምም አሉ። ነአኩቶ ለአብ ድረስ ወርደን ለአባ ገብረ ሊባኖስ አቤት አልን፤ ከሳሽ እሳቸው፣ ተከሳሽ እኔ። አባ ወረቀቱን አስነበቡኝ።

"ልጄ፣ ጻድቅ ገድሉን ራሱ አይጽፍም" አሏቸው። "ሌላ ሰው ሲጽፍለት ግን ቀምቶ አይቀደውም። ፈርም።"

ፈረሙ።

መልሱ የመጣው ሰኔ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ቀን። ዝናቡ ገብቷል፣ ሰው ሁሉ እየዘራ ነው። ኔትወርኩ ለአንድ ሰዓት ብልጭ ሲል ደብዳቤው ወረደልኝ። ጋሼ ደግሰው ቤቱ ውስጥ ነበሩ፣ ትሁንም በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ከጆንያው ለምርመራ የሚሆን ጭብጥ ገብስ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛ። "ማመልከቻችሁ ተቀባይነት ማግኘቱን በደስታ እንገልጻለን" የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ጋሼ ደግሰው ሌላውን አልጠበቁም። ለመምህር ሂሻም ሊነግሩ ወጡ፤ ሲሮጡ ያን ቀን ብቻ ነው ያየኋቸው። ትሁን ቋጠሮዋን ፈታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

ሁለተኛውን ገጽ ያነበብኩት እኔ ነኝ። በአካባቢው ጸጥታ ምክንያት መሣሪያው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ይቀመጣል፤ ሦስቱ ተቋማት ናሙናቸውን በመላክ በጋራ መጠቀም ይችላሉ ይላል።

በመላክ። ያው መንገድ፣ ያው ሾፌር፣ ያው ጥቅምት።

ሁለቱ ሲመለሱ መምህር ሂሻም ለስላሳ መጠጥ ለሁላችንም ይዞ ነበር። ገጹን አቀበልኳቸው። ጋሼ ደግሰው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። መምህር ሂሻም የከፈተውን ጠርሙስ መልሶ አስቀመጠው። ትሁን ማንበብ አትችልም፤ ፊታችንን ግን አነበበች።

"ታዲያ ልዝራው ወይስ ልቁላው?"

"አላውቅም" አሉ ጋሼ ደግሰው።

ስንት ማመልከቻ ላይ ምንም የማላውቅ ብለው አስጽፈውኛል፤ ያኔ እስቅ ነበር። ያን ቀን ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ማየት አቃተኝና ገብሱን ከጠረጴዛው ላይ በመዳፌ መሰብሰብ ጀመርኩ።

ትሁን ዘራችው። ዘር ጆንያ ውስጥ እያለ ልጅ አብልቶ መጨረስ አልሆነልኝም አለች። ሐምሌ እንዴት እንዳለፈባት አልጽፈውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቷን ተወች።

ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው ጋሼ ደግሰው በጠዋት መጡ። ወረቀት አልያዙም። ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ነው የያዙት።

"የትሁን ገብስ ራስ አወጣ" አሉ። "ዛሬ ቤቱን ትዘጊው ይሆን?"

ዘጋሁት። ስንደርስ ማሳው ገና ጠል ይዟል። ከሩቅ ያምራል። ቀርቤ ስቆጥር ከሦስት ራስ አንዱ ጥቁር ነው። ጠሉ ሳይደርቅ ነው የሚነቀለው፤ ከደረቀ ጥላሸቱ ይበንና ደህናውን ይይዘዋል። ትሁን በአንድ ጫፍ፣ እኛ በሌላው፣ ጎንበስ ብለን ጥቁሩን አንድ በአንድ ነቀልን። ጆንያው ሞላ፣ ሁለተኛውም ሞላ፣ ማሳው ግን ገና አልተጋመሰም። ፀሐይ ወጣች። ነፋሱ ተነሳ። ጥቁሩ ከእጃችን ላይ መብነን ሲጀምር ጋሼ ደግሰው ቀና ብለው ማሳውን አዩና "ይበቃል" አሉ። የሚበቃ ሆኖ አይደለም።

ትሁን ልትሸኘን ወጣች። አልወቀሰቻቸውም። "እጅዎን ይታጠቡ" ብቻ አለቻቸው፣ ውኃ አፈሰሰችላቸው። ጆንያዎቹን ጉድጓድ ውስጥ አቃጠልናቸው። ከማቃጠላችን በፊት ግን ጋሼ ደግሰው አንድ ጥቁር ራስ መርጠው፣ ከኪሳቸው ያችን "ተቀባይነት ማግኘቱን በደስታ" የምትለዋን ደብዳቤ አውጥተው፣ በሷ ጠቀለሉት።

በማግስቱ ከከፈትኩ አምስት ደቂቃ አልሞላም።

"ባንች፣ አንዲት ማመልከቻ ነበረችኝ።"

መሣሪያው ወደ እኛ እንዲዛወር የሚል ነው። ቁጥር፣ ቀን፣ ለሚመለከተው ክፍል፤ ሁሉንም እንደ ዳዊት አወረዱት። ስለ አመልካቹ የሚለው ጋ ስንደርስ ግን ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ኃጢአተኛውም ደካማውም አልመጣም። ጠበቅኩ። ለእኔ እንደተዉልኝ ሲገባኝ ጻፍኩት፤ የሚያዝያውን አስገብቼ የትናንቱን ጨመርኩበት።

መጨረሻ ላይ የተጠቀለለውን ራስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። እኔም ከፊርማው በታች "አባሪ፦ አንድ ራስ ገብስ" ብዬ ተየብኩ።

ፈረሙ፣ ማኅተም አሳረፉ፣ ኮታቸውን ቆለፉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ያችን አባባላቸውን ጠበቅኩ። አላሏትም። ጥላሸቱ ያልለቀቀ ጣታቸውን እያዩ ቆሙ።

"ጋሼ" አልኳቸው፣ "መልሱ መንገድ ላይ ነው።"