ቆጣቢው ሞተር

ቆጣቢ ሰው በየአገሩ አለ፤ ቤንዚን ከውሃ በሚረክስበት አገር ቤንዚን የሚቆጥብ ግን ጅዳ ካልኖራችሁ አታውቁትም። የኛው ቆጣቢ፣ ሐበሻው ሹፌር ጋሼ ጀውሀር ይባላሉ። ዓርብ ዓርብ እኛን ሐበሻ የቤት ሠራተኞችን ከጅዳው ሸረፊያ ሰፈር መካ ለሶላት ያመላልሱናል።

ክቡርነታቸው ቀይ መብራት ባዩ ቁጥር ሞተር ያጠፋሉ። «ሙቀቱ ገደለን፣ ሙከየፉን ይክፈቱልን» ብለን ማቀዝቀዣውን ስንለምናቸው፣ «ንፋሱን አላህ በነፃ ሰጥቶን!» ብለው መስኮቱን ያሳዩናል። ከመካ ስንመለስማ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍተው በቢስሚላህ ነው የሚነዱት። እኛ ከኋላ ሸሃዳ እንይዛለን፣ እሳቸው «ጠብታም ኒዕማ፣ የአላህ ጸጋ ናት» ይላሉ።

መኪናቸው ግን አሮጌ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናት፤ ቤንዚን አትጠጣም፣ ትምገዋለች። በመጨረሻ ጋሼ ቆረጡ። ያረጀ መኪና ከሚፈታበት ከተሽሊሕ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አመጡና መካኒኩ ሀይደር ገጠመላቸው። ሻጩ እንዳላቸው፣ ሞተሩ የወጣው መካ መንገድ ላይ ከተጋጨ መኪና ነው፤ ሹፌሩም ሐበሻ ነበር።

«የአገር ልጅ ነዋ፣ እንስማማለን» ብለው ሳቁ።

በመጀመሪያው ዓርብ መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ደርሰን መኪናዋን ለማቆም አንድ ጠባብ መንገድ ዳር ያዝን። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ቁልፉን ነቀሉ። ሞተሩ አልጠፋም።

«ራሕመት፣ አጥፍቼዋለሁ አይደል?» አሉኝ። ቁልፉ መዳፋቸው ላይ ነው። ሞተሩ ግን ሰው እንደሚጠብቅ ሹፌር ረጋ ብሎ ይሠራል። ጋሼ «አዑዙ ቢላህ!» አሉ።

ፊት ለፊታችን ያለው በር ተከፈተና አንዲት አሮጊት ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። በቀጥታ መጥተው ኮፋኖው ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«ማሕሙድ፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ዛሬስ ቆየህ። ኻላስ፣ በቃ፣ አጥፋውና ግባ።»

ሞተሩ ጠፋ።

ጎረቤታቸው ሰልማ ሮጣ መጥታ ነገረችን። እማማ ሳሊማ ይባላሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሹፌር ልጃቸው ማሕሙድ መካ መንገድ ላይ ሞቶ ሀረም መስጊድ የቀብር ሶላት ተሰግዶበታል። «መርዶውን ነግረናቸዋል፣ አይቀበሉም። መኪና በሰሙ ቁጥር ይወጣሉ፤ እሱ አለመሆኑን ሲያውቁ እህል አይቀምሱም። እያለቁብን ነው» አለች።

ያን ቀን ግን እማማ ጋሼን ማሕሙድ ብለው ይዘው ገቡ፤ እህልም በሉ። ጋሼ ጀውሀር አጠገባቸው ተቀምጠው፣ «ማሕሙድ አይደለሁም» ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ እማማ ሩዝ አጎረሷቸው። ጉርሻ በሞላው አፍ እውነት መናገር አይቻልም።

ሀይደር «ካርቡራተሩ ቆሽሾ ነው እንጂ ጅን የለበትም» ብሎ አጠበው። እውነትም ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ቁልፍ ሲዞር ቀጥ ይላል። ሚስፈላ ስንደርስ ግን ጋሼ ራሳቸው አያጠፉትም። መብራት ላይ ለጠብታ የሚሰስቱት ሰው፣ እማማ ሳሊማ ግድግዳውን ዳብሰው እስኪወጡ ድረስ ቁጭ ብለው ቤንዚን ያቃጥላሉ።

«ጠብታዋስ ጋሼ?» ብዬ አንዴ ነካኋቸው።

«ዝም በይ፣ እየሰሙን ነው!»

ያን ጊዜ ከልቤ ወደድኳቸው። የሙከየፉንም ነገር ይቅር አልኳቸው።

ባለፈው ዓርብ እማማ እንደወትሮው ወጡ። ጋሼ ቁልፉን ለማዞር እጃቸውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። እማማ ኮፋኖውን ዳበሱና «ኻላስ፣ አጥፋውና ግባ» አሉ።

ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉ አልዞረም፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጋሼ ጀውሀር ላብ አጥምቋቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«አየሽ ራሕመት» አሉ በሹክሹክታ፣ «ከኔ የባሰ ቆጣቢ ነው።»