ክብርት ተጠባባቂ ሂቦ

ቤተ መጻሕፍት የሌለው የግል ኮሌጅ አይቻለሁ። ወንበር የሌለውም አይቻለሁ። ተጠባባቂ የሌለው ግን ከፀሐይ በታች የለም። በሀርጌሳ ከኛ የሚያምር ሕንፃ ያላቸው ኮሌጆች ሞልተዋል፤ እንደኛዋ ያለች ተጠባባቂ ግን ማንም የለውም። ይህን የምናገረው ደረቴን ነፍቼ ነው።

ክብርት ሂቦ ዱዓሌ የኮሌጃችን ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ናት። ተጠባባቂ ምክትል ፕሬዚዳንትም እሷው ናት። ሬጅስትራር፣ የተማሪዎች ዲን፣ የፋይናንስ ኃላፊ ብላችሁ ብትጠይቁም ከሷ ሌላ ሰው አታገኙም። ቢሮዎቹ ሁሉ አንድ ኮሪደር ላይ ናቸውና፣ ሰው በቅጽል ስሙ ፊት ለፊት በሚጠራበት አገራችን «ኮሪደር» እንላታለን። እሷም አቤት ትላለች። «ተዉ፣ እስኪሾም ድረስ ነው» ስትለን ዓመታት አለፉ።

ሥልጣን አታምታታም። አንድ ተማሪ ሲኮርጅ ተይዞ በዲንነቷ አንድ መንፈቀ ዓመት አገደችው። ይግባኝ የሚባለው ለምክትል ፕሬዚዳንቷ ነው። ተነሥታ ሁለት በር አልፋ ተቀመጠችና «ግባ» አለችው። አቤቱታውን እስከ መጨረሻው አዳምጣ ከንፈሯን መጠጠች። «ውይ! ዲኗማ አክርራብሃለች!» ቅጣቱን ወደ ማስጠንቀቂያ አወረደችለት። ሌላ ቀን ደግሞ ሻይዋን ይዛ ስትተክዝ አገኘኋት።

«ምነው ኮሪደር?»

«ለሬጅስትራር ቢሮ ማተሚያ ብጠይቅ ፋይናንስ ከለከለችኝ። ድርቅ ያለች ሴት!»

ታዲያ ለምን አልተሾመችም? ኮሌጁን የመሠረቱት ሁለት ቤቶች ናቸው፤ ፍየል ላኪዎቹና ሩዝ አስመጪዎቹ። በቦርዱ ውስጥ እኩል ተቀምጠዋል። የኛ ሽማግሌ ደግሞ እጅ አውጡ ብሎ አይቆጥርም፤ ሁሉም እስኪስማማ ይነጋገራል። ከአንዱ ቤት ሰው ከተሾመ ሌላው ተሸነፈ ማለት ነው። ተጠባባቂ ግን የማንም ሽንፈት አይደለም። ሂቦ በአባቷ የፍየሎቹ፣ በእናቷ የሩዞቹ ልጅ ናትና ሁለቱም ወገን «የዚያኛው ቤት ናት» ይላታል።

ባለፈው ወር ከከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን መርማሪ ሊመጣ እንደሆነ ተሰማ። ደንቡ ለአንድ ወንበር አንድ ሰው ይላል። ያ ካልሆነ ፈቃዳችን ይሰረዛል፤ ተማሪዎቻችንም ደጃቸው የደረሰው ምረቃ ይቀርባቸዋል። የቦርዱ ሰብሳቢ ሀጂ ዋርሳመ፣ የፍየል ላኪዎቹ ታላቅ፣ ዘዴ ዘየዱ። ሂቦን በሰበብ ወደ በርበራ ሰደዱና እኛን መምህራኑን በየወንበሩ አስቀመጡን። ለኔ ሬጅስትራርነት ደረሰኝ።

መርማሪው ሽበታም ሰው ናቸው። ገብተው «ከሌላ ኮሌጅ የሚዛወር ተማሪ በምን አኳኋን ትቀበላላችሁ?» አሉኝ።

«አንድ ጊዜ፣ አዴር» ብዬ፣ ታላቅን እንደ አጎት በምናከብርበት ቃል፣ ስልኬን አወጣሁ። የሂቦ መስመር ተይዟል። ደገምኩ፤ አሁንም ተይዟል። ከግድግዳው ማዶ የፋይናንስ ኃላፊ ተብሎ የተቀመጠው ባልደረባዬ ይጮኻል፦ «ሂቦ፣ በአላህ ቶሎ ንገሪኝ፣ ሰውየው ወደኔ ሊመጣ ነው!»

መርማሪው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ይቺን ሂቦ የምትሏትን ጥሩልኝ እስቲ።»

ከመንገድ ተመለሰች። የልብሷን አቧራ እንኳ ሳታራግፍ ፊታቸው ቆመች።

«አዴር፣ እነዚህ ጎበዝ አስተማሪዎች ናቸው። ወንበሮቹ ግን የኔ ናቸው፤ ሁሉም።»

«ማን ሾመሽ?»

«ማንም። እስኪሾም ድረስ ነው።»

«እንግዲያው እስከ ሐሙስ ፕሬዚዳንት ይሾም። ተጠባባቂ የሚል ቃል እንዳላይ! ሌላውን ወንበር የተሾመው ሰው ይሙላው። አለዚያ በሩን እዘጋዋለሁ» ብለው ወጡ።

የቦርዱ ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ተቀመጡ። የወተት ሻይ በላይ በላዩ ይቀዳል፣ ንግግሩ ግን ፈቀቅ አይልም። ሂቦ ከውጭ ሰው ያመጣሉ ብላ ቢሮዎቹን አንድ በአንድ አጸዳች። መሳቢያዎቹን ባዶ አደረገች፣ ቁልፎቹን ሁሉ በፌስታል ሰበሰበች። ስቀልድባት የኖርኩት እኔ ይህን ሳይ ሆዴ ባባ። እወዳታለሁ፤ ተናግሬው አላውቅም እንጂ። ለካ ኮሌጃችን ብዬ የምኮራው በሷ ኖሯል።

ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ወደ ኮሪደሩ መጡ። ሀጂ ዋርሳመ ከፊት ናቸው፣ የሩዝ አስመጪዎቹ ታላቅ ክንዳቸውን ይዘዋቸዋል። ሂቦ ፌስታሏን ዘረጋች።

«ለማን ላስረክብ፣ አዴር?»

«ለማንም። የፕሬዚዳንቱን ቁልፍ አንቺ ያዥ፣ የቀረውን ለመረጥሻቸው ስጪ። ሾመንሻል።»

ሁለቱን ሽማግሌዎች እያፈራረቀች አየቻቸው።

«የትኛው ቤት ተሸነፈ?»

«ሁለታችንም፣ ልጄ» አሉ ሀጂ ዋርሳመ። «ደስ ብሎን።»