የላይ ጽድ ሚካኤል ሰበካ ጉባኤ የአየር ፍራሽ ስለመረከቡና ስላለመረከቡ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም. (የጾመ ነቢያት ቅበላ)
ቦታ፦ ከይጁቤ ወዲህ፣ በላይ ጽድ ሚካኤል ደጀ ሰላም
የተጀመረበት ሰዓት፦ ሦስት ሰዓት ተኩል ተብሎ አራት ሰዓት

የተገኙ አባላት፦
1. ቀሲስ ጥሩብርሃን፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ሰብሳቢ
2. ቄሰ ገበዝ ምናለ፣ የዕቃ ቤት ኃላፊ
3. አቶ ባዘዘው፣ የምእመናን ተወካይ
4. ዲያቆን መሳፍንት፣ ጸሐፊ

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ ሲስተር ትሕትና ከጤና ጣቢያ፣ እማሆይ ወለተ ኪዳን የታማሚው የየኔታ አካለ ወልድ እኅት።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ተሟልቷል። አምስተኛው አባል፣ የቅኔ መምህሩ የኔታ አካለ ወልድ፣ ግማሽ ጎናቸው ከተያዘ አምስተኛ ወራቸው በመሆኑ አልተገኙም። የጽሑፍ ፈቃድ ግን አላቀረቡም።

አጀንዳ 1፦ ስለ ፍራሹ ርክክብ

ሰብሳቢው በጸሎት እንደከፈቱ አቶ ባዘዘው በግ አርደው የመጡ መሆናቸውን ገልጸው ስብሰባው አጭር እንዲሆን አሳሰቡ። ማሳሰቢያው በሙሉ ድምፅ የተደገፈ ሲሆን በዚሁ ላይ ግማሽ ሰዓት ውይይት ተደርጓል።

ቄሰ ገበዝ ምናለ ባሰሙት ሪፖርት፣ የደብሩ ተወላጅ ወ/ሮ ወለላ በንግሡ ዕለት፣ ኅዳር 12፣ ከደብረ ማርቆስ አንድ የአየር ፍራሽ ከነመንፊያው በካርቶን ይዘው መምጣታቸውን፣ ካርቶኑም በከበሮና በእልልታ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ዞሮ ዕቃ ቤት መግባቱን አስረዱ።

እማሆይ ወለተ ኪዳን፣ "ኧረ ለወንድሜ ነው ያመጣችው! ተኝቶ ጎኑ እንዳይቆስል ብላ!" ሲሉ ተቃወሙ። ቄሰ ገበዝም በንግሥ ቀን በዚህ በር የገባ ዕቃ ሁሉ ስለት መሆኑን፣ ወ/ሮ ወለላም ካርቶኑ ሲዞር እልል ሲሉ በዓይን መታየታቸውን መለሱ። እማሆይ፣ "ቄሰ ገበዙ ነጥቀዋት ሲዞሩ እልል ባትል ምን ልትል ኖሯል?" ያሉ ሲሆን፣ "ነጥቀዋት" የሚለው "ተቀብለዋት" ተብሎ እንዲመዘገብ ሰብሳቢው አዘዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ፍራሹ የሚካኤል ንብረት እንዲሆንና ከግቢው እንዳይወጣ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ምዝገባው

ሲስተር ትሕትና ስለ ፍራሹ እንዲያስረዱ ተጋበዙ። ፍራሹ በብዙ ቱቦ የተከፈለ መሆኑን፣ መንፊያው መብራት ላይ ሲሰካ ግማሹ ቱቦ እያበጠ ግማሹ እንደሚሟሽሽ፣ በዚህም መገላበጥ ያልቻለ ሰው ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ እንዳይከርም እንደሚረዳ ገለጹ። አክለውም በየኔታ ዳሌ ላይ የወጣው መቅላት በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ መሆኑን፣ ቆዳው ከተላጠ ቁስሉ እስከ አጥንት ሊዘልቅ እንደሚችል አስጠነቀቁ።

ማስጠንቀቂያው በምስጋና ከተመዘገበ በኋላ ቄሰ ገበዝ፣ ፍራሹ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ከነአየሩ ነው ወይስ ያለ አየሩ የሚል ጥያቄ አነሱ። "ነገ ጎድሎ ቢገኝ ተጠያቂው እኔ ነኝ" ብለዋል። አቶ ባዘዘው፣ "አባ፣ አየሩንም ይቆልፉበት እንዴ?" በማለታቸው ለአጭር ጊዜ ጭቅጭቅ ተነስቷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ አየሩ ከዚሁ ከግቢው ስለሚሳብ ቀድሞውንም የደብሩ መሆኑ ታምኖበት፣ ፍራሹ ያለ አየሩ እንዲመዘገብ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ስለ የኔታ አካለ ወልድ

ፍራሹ ወደ የኔታ መሄድ ስለማይችል የኔታ ወደ ፍራሹ እንዲመጡ፣ ማለትም ዕቃ ቤት እንዲተኙ ሰብሳቢው ሐሳብ አቀረቡ። ዕቃ ቤት ሴት እንደማይገባ ተወሳ። እማሆይ፣ "ታዲያ ማን ሊያጥበው ነው? እርስዎ?" ሲሉ ቄሰ ገበዝን ጠየቁ። ቄሰ ገበዝ ኃላፊነታቸው ቁልፍ መያዝ ብቻ መሆኑን አስረድተዋል።

አቶ ባዘዘው በበኩላቸው፣ የየኔታ ቤት ከአጥሩ አሥራ ሁለት እርምጃ ብቻ ስለሚርቅ አጥሩን ገፍቶ ቤቱን ግቢ ውስጥ ማስገባት እንደሚሻል አመለከቱ። ሐሳቡ ተወድሶ፣ አጥሩ እንዲገፋ ወዲያው ተወሰነ። ቄሰ ገበዝ ወጥተው በእርምጃ ለክተው ሲመለሱ፣ አዲሱ አጥር የአቶ ባዘዘውን የድንች ማሳ እኩሌታ ይዞ እንደሚያልፍ አበሠሩ። አቶ ባዘዘው ሐሳቡን ያቀረበው ሌላ ሰው ተብሎ እንዲጻፍላቸው ጠየቁ። ሌላ ሰው ባለመገኘቱ አልተጻፈም።

አቶ ባዘዘው ቀጥለው፣ ተማሪዎቹ የኔታን በየሁለት ሰዓቱ እያገላበጡ ስለሆነ ፍራሽ ራሱ ትርፍ ነው አሉ። እማሆይም፣ "ተማሪ ቁራሽ ሊለምን ሲወጣ የሚያገላብጠው ማን ይመስልሃል፣ ባዘዘው? እኔ ነኝ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ትናንት አቅቶኝ አብሬው አለቀስሁ" ብለዋል።

ሰብሳቢው ወደ ልዩ ልዩ ጉዳዮች እንዲታለፍ አዘዙ።

ልዩ ልዩ ጉዳዮች

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሲስተር ትሕትና እንዲናገሩ ፈቃድ ጠየቁ። ጉባኤው አግዳሚ ላይ ከተቀመጠ ሁለት ሰዓት መሙላቱን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰብሳቢው ዐሥራ አንድ ጊዜ፣ ቄሰ ገበዝ ዘጠኝ ጊዜ፣ አቶ ባዘዘው ከሃያ ጊዜ በላይ መቀመጫቸውን ማመቻቸታቸውን ቆጥረው አቀረቡ። "የኔታ ግን አንድም ጊዜ አይችሉም" ሲሉ አጠቃለሉ። ቄሰ ገበዝ የእርሳቸው ስምንት ነው በማለት ተከራክረዋል፤ ሲከራከሩም ተመቻችተዋል።

ሰብሳቢው ጉዳዩ ከቅበላ በኋላ፣ ማለትም ከገና ማግሥት እንዲታይ ሐሳብ አቀረቡ። እማሆይ ወለተ ኪዳን በሩ ላይ ወንበር አስጠግተው ተቀመጡና፣ እርሳቸው መነኩሴ በመሆናቸው ቅበላ እንደማይመለከታቸው፣ ሥጋ ካዩ ሠላሳ ዓመት እንዳለፋቸው፣ እስከ ማታም ሆነ እስከ ነገ መቆየት እንደሚችሉ ለጉባኤው አስታወቁ። አቶ ባዘዘው በመስኮት ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ተመለከቱ። "አባ ጥሩብርሃን፣ ኧረ በሚካኤል! ነገ እኮ ጾም ነው!" ብለዋል።

ከአጭር ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦

በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ፣ የፍራሹ ርክክብ ጭምር፣ ተሽሯል። ደብሩ ምንም ፍራሽ አልተረከበም።

ቄሰ ገበዝ፣ "ታዲያ ዕቃ ቤት ያለው ምንድን ነው?" ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው የሰው ዕቃ ነው፤ የሰው ዕቃ ደግሞ ከንዋየ ቅድሳት ጋር አንድ ሰዓት ማደር የለበትም ሲሉ መለሱ። ቄሰ ገበዝ በዚህ ተደናግጠው ካርቶኑን በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው በሩጫ አወጡ።

ስብሰባው ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ተበተነ።

ማስታወሻ፦ ውሳኔውን ለየኔታ እንዲያሳውቅ ጸሐፊው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተልኮ ነበር። ሲደርስ መንፊያው እያጉረመረመ፣ የኔታ ፍራሹ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። እማሆይ በራፉ ላይ ሆነው ጣታቸውን አፋቸው ላይ ስላደረጉ ውሳኔው ለየኔታ ሳይነገራቸው ቀርቷል።