ዱቄቱ እንዳይሰባሰብ የወጣ ደንብ

ኢንጂነር ናጂ ከቤሩት ወጣ ብሎ ባለው ፋብሪካቸው የካርቦን ጨርቅ በሙጫ እየነከሩ ጀልባ ይሠራሉ። ሙጫው እንዲጠነክር ለዓይን የማይታይ፣ እጅግ የደቀቀ ዱቄት ይጨመርበታል። ዱቄቱ ግን አመል አለበት። እያንዳንዷ ቅንጣት ለብቻዋ ተበትና መቆየት ሲገባት፣ ማደባለቂያው ቆም ሲል እርስ በርስ ተፈላልገው ይጓጉላሉ። እንዲህ የጓጎለበት ጀልባ ደግሞ ይሰነጠቃል።

ኢንጂነሩ ችግሩን ራስ ቤሩት በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው ምሳ ላይ አነሱት።

«ያኒ ማን አገናኛቸው?» አሉ ባለቤታቸው ማዳም ሐናን።

ማዳም በመበተን ረገድ የካበተ ልምድ አላቸው። የቤት ሠራተኛቸው ሲቲና ከወሎ ከመጣች ጀምሮ ከአገሯ ልጆች ጋር እንዳትገናኝ በሩ ይቆለፋል፤ ፓስፖርቷና ስልኳም መሳቢያ ውስጥ ናቸው። እዚያው ቤሩት፣ ናባዓ ሰፈር የምትኖረው እህቷ አሲያ ከወለደች ሳምንት ሆኗታል። ሲቲና ሌላ እህት የላትም፤ ሕፃኑን ሳታቅፈው እንዳያድግባት ትፈራለች።

«ማዳም፣ እሑድ እህቴን አይቼ ልምጣ?» አለች ሳህን እያነሳች።

«ሀቢብቲ፣ አንድ ላይ ስትሆኑ ትበላሻላችሁ። ለብቻሽ ግን ወርቅ ነሽ። ኸላስ።»

ኢንጂነሩ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ይህን የመሰለ ሳይንሳዊ ማብራሪያ ዩኒቨርሲቲም አልሰሙም።

በማግሥቱ የቤቱ ደንብ ፋብሪካ ገባ። ዱቄቱ በትንንሽ ብልቃጥ ተከፋፍሎ ተቆለፈበት። አንዱ ብልቃጥ ሌላውን እንዳያይ መጋረጃ ተጋረደ። በማደባለቂያው አጠገብ በስልክ ማውራት ተከለከለ። ዱቄቱ ይዞት የመጣው ወረቀት ሳይቀር ተወሰደበት፤ ያለ ወረቀት የት ይሄዳል? ያም ሆኖ ሙጫው ውስጥ የገባው ዱቄት ሰኞ ሲከፈት ጓጉሎ ተገኘ።

«እሑድ ነው» አሉ ማዳም። «የሚጠብቃቸው የለማ። ያላ፣ እኛው እንጠብቃለን።»

እሑድ ባልና ሚስት ወንበር ይዘው ወደ ፋብሪካው ወረዱ። ቁልፍ ስላነሰ የቤታቸውን የብረት በር ቁልፍ ነቅለው የሙጫው በርሜል ላይ ገጠሙት። ለዱቄቱ ወረቀት የቤቱ መሳቢያ ሲለቀቅ የሲቲና ፓስፖርትና ስልክ እዚያው ቤት ጠረጴዛ ላይ ቀርተዋል። ማዳም በርሜሉን ቆጣ እያሉ ሲያዩት ዋሉ። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፤ ማደባለቂያው ቆመ፤ ዱቄቱም ዓይናቸው እያየ ተሰባሰበ።

ቤት ሲመለሱ በሩ ክፍት ነው። ማዳም ደወሉ።

«ሲቲና፣ የት ነሽ?»

«ናባዓ ነኝ፣ ማዳም።» ከጀርባዋ የሴቶች ሳቅና የሕፃን ለቅሶ ይሰማል።

«ከማን ጋር?»

«ሁላችንም አለን። እስካሁን የተበላሸ የለም።»