እሜቴ አሰጋሽ ሰባተኛውን በር በእርጥብ ጨርቅ ስለ መክፈታቸው

በዘመነ ማቴዎስ፣ በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ መብራት ለሕዝቡ በፈረቃ በሚታደልበት፣ የከባድ መኪና አቧራም በቃሊቲ ላይ በነገሠበት በወርኃ ግንቦት፣ ከማረሚያ ቤቱ ማዶ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያቆሙት፣ በሁለት ጣት የሚጽፉት፣ በአንድ ቃል የሚጸኑት፣ «ተዪ» ሲሏቸው የሚብስባቸው፣ ፎቶ ኮፒንና ላሚኔሽንን ያስገበሩት እሜቴ አሰጋሽ እንደ ወትሯቸው ሱቃቸውን ከፈቱ። ወኮነ በይእቲ ዕለት ዐቢይ ጭንቅ።

ጭንቁም የላጢፋ ነበረ። ላጢፋ የወሎ ሴት ናት፤ በማረሚያ ቤቱ በር ለእስረኛ ጠያቂ ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጥ፣ ምላሷ ምላጭ፣ ልቧ ቅቤ። ታዲያ ኪዮስኳ «ወደ መንገድ ገብቷል፣ ይነሣ» ተብሎ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበት ነበርና፣ ቀበሌውም አቤቱታ የሚቀበለው እስከዚያች ዕለት ብቻ ነበርና፣ እርሷ ከጠዋት ጀምራ ተቀምጣ ስታወራ፣ እሜቴ አሰጋሽም ወሬዋን ወደ አቤቱታ እየመለሱ ሲጽፉ ዋሉ። ባሏ ጥሏት መሄዱን ጻፉ፤ ልጆቿን ጻፉ፤ ግብሯን አለማጓደሏን ጻፉ፤ ከሩቅ አገር መጥቶ በር ላይ የዋለ ስንቱ ጠያቂ በሳምቡሳዋ ነፍስ እንደ ዘራ ጻፉ፤ የቀበሌውን ሰው የሰደበችበትን ብቻ አውቀው ዘለሉት።

ነገር ግን ሴቭ አላደረጉም። ሥራ ሳያልቅ ሴቭ ማድረግ በእርሳቸው ዘንድ የሰነፍ አመል ነውና፣ ነዶ ሳይታሰር አይከመርም ባይ ናቸውና። በዚህ ነገር ብዙ ሰው መክሯቸዋል፤ ብዙ ሰውም አፍሮ ተመልሷል።

የዚህም ማሽን ሠራዊት እነሆ፦ ፊታውራሪ ኪቦርድ፣ ፊደሉ ግማሹ የተፋቀ፤ ግራዝማች ማውስ፣ ቀኝ ጆሮው የማይሰማ፤ ደጃዝማች ስክሪን፣ ሆዱን ወደ ኋላ የገፋ፤ ነጋድራስ ፕሪንተር፣ ወረቀት ሲጎርስ የሚያንቀው፤ ከሁሉም በታች አጋፋሪ ስታብላይዘር፣ መሬት ተቀምጦ ሲያጉረመርም የሚውል። በእነዚህ ሁሉ ላይ የተሾመው ሊኑክስ የሚሉት ሥርዓት ነበረ። ቫይረስ የፊተኛውን በበላው ጊዜ ጎረቤታቸው የነበረው ኢንጂነር ዘአማኑኤል ጭኖላቸው፣ ወደ አዳማ ሲዛወርም እንዲህ ብሎ ዐወጀ፦

«እሜቴ፣ ይሄ ማሽን እንደ ግቢ ነው! ኪቦርዱም ፕሪንተሩም፣ ዕቃ የተባለ ሁሉ፣ ዴቭ በሚባል ክፍል ውስጥ በየስሙ ተጽፎ እንደ ፋይል ተቀምጧል። ግቢው አንድ ነው፣ በሩ ግን ብዙ ነው። አንዱ በር ቢጨልምብዎ ግቢው ተቃጠለ ብለው እንዳይጮሁ!»

እሜቴ አሰጋሽም እሺ አሉ። አልሰሙትም።

ወእምዝ፣ ቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ባዘነበለ ጊዜ፣ ዘጠኝ ሰዓትም በዚያ ሳምንት ፈረቃ መብራት የሚሄድበት ነበርና፣ አቤቱታውን ለመጨረስ ሁለት መስመር ሲቀራቸው ሲሚንቶ የጫነ መኪና በበሩ አለፈ፤ አቧራውም ሳይፈቀድለት ገባ። እሜቴ አሰጋሽ አቧራ እያዩ ሥራ አይሠሩም። እርጥብ ጨርቃቸውን አነሡ፤ ግራ መዳፋቸውን በኪቦርዱ ታችኛው ግራ ጥግ፣ ኮንትሮልና አልት የሚባሉት አዝራሮች ባሉበት፣ ተደገፉ፤ በቀኝ እጃቸውም ከላይ በኤፍ ተራ ካሉት አዝራሮች የመጀመሪያዋን ፈተግ አደረጉ። ወጸልመ ኵሉ። አቤቱታው የለ፣ ሥዕሉ የለ፤ ጥቁር ብቻ፤ በጥቁሩም ላይ አንዲት የፈረንጅ ጽሑፍ መስመር፣ ከሥሯም ብልጭ ድርግም የምትል ጭረት።

ላጢፋ ጭንቅላቷን ይዛ ዐወጀች፦ «ወላሂ አለቀልኝ! አንቺ አሱ፣ ኪዮስኬን በጨርቅሽ ጠረግሽው!»

በጩኸቷም ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ቀናው መቀሱን እንደ ያዘ ደረሰ፤ የደንበኛውን ግማሽ ራስ ጥሎ ነው የመጣው። እርሱም በደጃፉ ቆሞ ዐወጀ፦ «ያገሬ ሰው ስማ! ይሄ ማሽን ሞቷል። የኔም ቶንዶስ እንዲሁ ጥቁር ብሎ ነው የሞተው። ሶኬቱ ተነቅሎ ይሰካ!» ከኋላው የመጣው ቆራሌው መገርሳም ጆንያውን ከትከሻው አወረደ፤ እርሱ አልተናገረም፣ ጆንያው ተናገረ።

እሜቴ አሰጋሽ ግን ሶኬቱ ከተነቀለ ያ ሁሉ ቃል እንደ ጤዛ እንደሚረግፍ ያውቁ ነበርና፣ በሶኬቱ ፊት ቆመው እንዲህ ብለው ዐወጁ፦

«ይችን ሶኬት የነካ እጅ ሰባራ ይሁን! ቀናው፣ ግማሹን ላጭተህ የተውከው ሰውዬ ይጮሃል፣ ሂድ! መገርሳ፣ አንተም በሕያው ላይ ጆንያ አትዘርጋ!»

ከዚያም ተቀመጡ። ጭረቷ ከምትበራበት ፊት «ሎጊን» የሚል ቃል ነበረ፤ ማነሽ፣ ስምሽን ንገሪና ግቢ ማለቱ ነው። ስማቸውን በፈረንጅ ፊደል ጻፉለት። የይለፍ ቃል ጠየቀ። የመሰላቸውን ሲጽፉለት ፊደሉ አይታይም፤ እንደ ንስሐ በድብቅ ይገባል። ጨርሰው ቢመቱት አላውቅሽም ብሎ መለሳቸው። በገዛ ቤታቸው! ኪራይ በሚከፍሉበት! ላጢፋ እንኳ ያን ሁሉ እንባ ይዛ ሳቋ አመለጣት።

እሜቴ አሰጋሽ ሊቆጡ ተነሡና ቀጥ አሉ። የዘአማኑኤል ቃል ያን ጊዜ ገና ጆሯቸው ደረሰ። እጃቸውንም ዘርግተው ዐወጁ፦ «ሬሳ ማነሽ ብሎ አይጠይቅም! የሚጠይቅ ካለ ቤቱ ሰው አለበት ማለት ነው። የተሳሳተ በር ላይ ቆመን ነው እንጂ አቤቱታው ውስጥ ተቀምጧል። ወደዚህ በር ያመጣኝ ጨርቄ ነው፤ የሚመልሰኝም እርሱ ነው!»

እንደ ቅድሙም መዳፋቸውን በዚያው ጥግ ተደግፈው ሁለተኛዋን አዝራር ጠረጉ። ስክሪኑ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ፤ በፈረንጁ መስመር ጫፍ ያለችው አንድ ቁጥር ሁለት ሆነች፤ በሩም ማነሽ አለ። አለፉት። ሦስተኛውም ማነሽ አለ። በአራተኛው አጋፋሪ ስታብላይዘር አጉረመረመ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊደርስ ነውና። በአምስተኛው ቀናው ሊመክር አፉን ከፍቶ ሶኬቷን አይቶ ዘጋው። በስድስተኛው ላጢፋ ዓይኗን ጨፍና ዱዓ ያዘች። ሰባተኛዋን አዝራር ጠረጉ፤

ወኮነ ብርሃን።

አቤቱታው ከነሳምቡሳው፣ ከነልጆቹ፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል በነበረበት ተቀምጦ ተገኘ። ላጢፋ እልል ስትል፣ ቀናው ሲያጨበጭብ፣ እሜቴ አሰጋሽ ማንም እንዳያያቸው ቀስ ብለው ሴቭ አደረጉ። የቀሩትን ሁለት መስመሮች ጨርሰው ወደ ነጋድራስ ፕሪንተር ላኩ፤ እርሱም እንደ ልማዱ ታነቀ፤ ጀርባውን መቱት፤ ዋጠ፤ የመጨረሻዋንም ገጽ ተፍቶ ሳይጨርስ ጫፏን ይዘው ሲጎትቱ መብራት ሄደ። ላጢፋ ወረቀቱን ከሻርፗ ሥር ከታ ወደ ቀበሌው በረረች፤ በሩ ሳይዘጋም ደርሳ አስገባች። ኪዮስኩም በኋላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ እንጂ አልፈረሰም፤ በቀዩም ምልክት ላይ ዛሬ የሳምቡሳ ሳህን ይቀመጥበታል።

ከዚያ ወዲህ እሜቴ አሰጋሽ በየመስመሩ ሴቭ ያደርጋሉ፤ ሁልጊዜም እንዲህ እንደ ነበር ይናገራሉ። ቀናው ሥራ ፈትቶ መጥቶ፣ የኳስ ውጤት ልይ ብሎ ወንበር ይዞ፣ ደግሞም ምክር በጀመረ ጊዜ፣ አቧራ ነው ብለው እርጥብ ጨርቃቸውን ያነሣሉ፣ መዳፋቸውን በጥጉ ይደገፋሉ፣ የመጀመሪያዋን አዝራር ይጠርጋሉ። ስክሪኑም ጠቁሮ ማነህ ይለዋል። እርሱም ተነሥቶ ወደ ቶንዶሱ ይሄዳል።

እንግዲህ የአቧራ ጠላት፣ የላጢፋ ጠበቃ፣ የሶኬት ዘበኛ፣ የሰባቱ በር ባለቤት ለሆኑት ለእሜቴ አሰጋሽ ምስጋና ይድረሳቸው፤ ከአቃቂ ድልድይ እስከ ሳሪስ አቦ ስማቸው ይጠራ፤ ጣታቸው ሁለት ቢሆንም እንደ ዐሥር ይቈጠር፤ ጨርቃቸውም ለዘለዓለሙ አይድረቅ።