የሰው ሆድ ቆጣቢ

የራሱን ሆድ ሞልቶ የሰው ሆድ የሚቆጥብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በደርግ ጊዜ እዚሁ ፎገራ ላይ ገጥሞኛል። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነበር። የማዳበሪያ ዕዳ የከበደብን ዓመት ከቤት ቤት እየዞረ ይመክረን ጀመር፦ "ጤፉን ሸጣችሁ ዕዳችሁን ክፈሉ። እናንተ ዓመቱን በጓያ ቂጣ ግፉት።"

ጓያ ሲያዘወትሩት እግር እንደሚሰብር በእኛ አገር የማያውቅ አለ? ባለቤቴ ጥሩነሽ ትኩስ የጓያ ቂጣ አቀረበችለት።

"ኧረ እቴ፣ እኔ ጓያ አይስማማኝም! እግሬን እፈልገዋለሁ" ብሎ ዘሎ ተነሣ። አሯሯጡ ወረታ ሳይደርስ የሚቆም አይመስልም ነበር።

"እኛስ በምናችን ልናርስ ነው ጓድ?" አለችው ከኋላው።

እኛ ምክሩን አልሰማንም፤ ዕዳውም ተረፈብን። ታናሽ ወንድሜ አድማሱ ግን የዋህ ነውና ሰማው። ክረምቱን ሙሉ ጓያ በልቶ ዕዳውን አጠናቆ ከፈለ። ሊቀመንበሩም ገበሬው በተሰበሰበበት፣ "የቁጠባ አርአያችን አድማሱ ይነሣና እናጨብጭብለት!" አለ።

አድማሱ ከተቀመጠበት ቀና ብሎ አየው።

"ተነሥ እንጂ፣ ኮራህብን እንዴ?"

እንዴት ብሎ ይነሣ? እኔን ቁጣ አያውቅም ይሉኛል። ያን ቀን ግን ወንድሜን በጀርባዬ አዝዬ ሊቀመንበሩ ፊት ቆምሁና፣ "ይኸው ተነሥቷል፤ አጨብጭብ!" አልሁት።